ከድምፅ ማጉያው ሥር የተቀመጡ ሴቶች

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጄ ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ ፀጉሯን በማድረቂያ ታደርቅ ነበር። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እያጠበብኩ ነበር። የማድረቂያው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ መጣ፤ ቀጥሎ ሞቅ ያለው አየር በበሩ ክፍተት ሾልኮ ፊቴን ነካኝ። ለልጄ የሸተታት ሻምፖዋ ብቻ ነው። እኔን ግን የፍየል ቆዳ ሸተተኝ፤ ሲሞቅ ትንሽ ጨው ጨው፣ ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል፣ ብዙ እጅ የነካካው የቆየ ቆዳ። መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ቆየሁ።

እሷ ይህን አታውቅም፤ ላንቺ ልንገርሽ። በወጣትነቴ በፀጉር ማድረቂያ ከፀጉሬ ይልቅ ያሞቅኩት ከበሮ ነው።

ሪያድ ውስጥ በሠርግ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው የሚቀመጠው። በሴቶቹ አዳራሽ የምትዘፍነውም የሚመቱትም ሴቶች ናቸው። ዘፋኟ ከፊት ትቆማለች፤ ከበሮ መቺዎቹ ከኋላዋ በአንድ መስመር ወንበር ላይ ይደረደራሉ። ከበሮው እኛ አገር እንደሚታወቀው አይደለም። እንደ ትልቅ ወንፊት ክብና ሰፊ ሆኖ፣ ቆዳ የተወጠረው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። ግራ እጅ ጠርዙን ይዞ ያቆመዋል፣ ቀኝ እጅ ይመታዋል። አዳራሹ በአየር ማቀዝቀዣ ስለሚበርድ ቆዳው ይላላል፤ ከላላ ደግሞ ድምፁ ይሞታል። የድሮዎቹ በከሰል ነበር የሚያሞቁት አሉ። በእኛ ጊዜ የአዳራሽ ባለቤቶች ከሰል አናስገባም ስላሉ፣ በየቦርሳችን አንዳንድ የፀጉር ማድረቂያ ይዘን እንዞር ነበር።

ከበሮ ያስያዘችኝ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር ጎረቤታችን ናት። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ሪያድ፣ መንፉሐ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ሾፌር፣ እናቴ ቤት ውስጥ የምትሰፋ ሴት ነበረች። ጎረቤታችን ደግሞ እኔ ከመወለዴ በፊት ከወሎ በቤት ሠራተኝነት የመጣች ናት። ሰፈሩ ሁሉ በአረብኛ ኻላ፣ አክስት ማለት ነው፣ ይላታል። እኔም በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። አገር ቤት ልጅ ሆና ድቤ ትመታ ነበር። እዚህ መጥታ የምትሠራበት ቤት ውስጥ ልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ገልብጣ ስትመታ፣ ለጥየቃ የመጣችው የመዳሟ እህት ሰማቻት። ያቺ እህት የሠርግ ዘፋኝ ነበረች። ውላ አድራ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወደ ራሷ ስም አዛወረችና ከበሮ መቺ አደረገቻት።

ኻላ ስታወራ ድምፅዋ ከፍ ያለ ነው። እኛ የሕንፃው ልጆች ከበሮ መቺ ስለሆነች ይመስለን ነበር። ስታዳምጥሽ ደግሞ ዓይንሽን ሳይሆን አፍሽን ነው የምታየው። እኔ ጥርሴ ላይ የተጣበቀ ነገር ያለ እየመሰለኝ በምላሴ እፈትሽ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩ ጊዜ ኻላ እናቴን ልታነጋግር መጣች። እናቴ ጨርቅ እየቆረጠች ቀና ሳትል፣ "ሴት ልጅ በየሠርጉ ቤት ስታመሽ ደስ አይለኝም" አለቻት። ኻላ ግን አፏን ስላላየች ይሁን ሌላ፣ አልመለሰችላትም። እናቴ ቀና ብላ ደገመችው።

"አብሽሪ" አለች ኻላ። "ከጎኔ አትለይም። ወስጄ የምመልሳት እኔ ነኝ።"

አብሽሪ በወሎም በሪያድም አይዞሽ ማለት ነው። ኻላ አገሯን ለቃ መጥታ እዚህም ያገኘቻት የአገሯ ቃል ይህቺ ብቻ ናት እያለች ትቀልድ ነበር።

ልምምዳችን ዑረይጃ፣ በዘፋኟ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ እንሰበሰባለን። ፀሐይ በመስኮቱ ብረት ገብታ ቀዩ ምንጣፍ ላይ መስመር መስመር ትሠራለች። ማድረቂያዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲከፈቱ ክፍሉ በቆዳ ሽታ ይሞላል፤ እያንዳንዷ ከበሮዋን በጣቷ መታ መታ እያደረገች፣ ድምፁ ከ"ዱብ" ወደ "ደንግ" ሲለወጥ ማድረቂያዋን ታጠፋለች። እኔ ያን ለውጥ መስማት እወድ ነበር። ቆዳው ከየት ተነስቶ የት ሲደርስ ነው ድምፅ የሚያወጣው እያልኩ ጆሮዬን አስጠግቼ እከታተለው ነበር።

ሠርግ ላይ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ቀን ድምፅ ማጉያዎቹ ሲከፈቱ ከጆሮዬ ይልቅ የሰማው ጥርሴ ነው። እግሬ ሥር ያስቀመጥኩት የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቀለበት ቀለበት እየተሠራ ይጠፋ ነበር። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ሰውነቴ ከበሮ የሆነ መሰለኝ። ስንጨርስና ወደ መኪናው ስንሄድ ግን ዓለም በጥጥ የተጠቀለለች ትመስል ነበር፤ ውስጤ ደግሞ ጭው ይላል። ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። ጭውታው አልጠፋም፤ እንዲያውም ጎላ። ከውጭ ካልመጣ ከየት ነው የሚመጣው?

በማግስቱ ልምምድ ላይ ሴቶቹን ጠየቅኳቸው። ሁሉም ስቀው የየራሳቸውን ነገሩኝ። አንዷ የእሷ እንደ ማንቆርቆሪያ ፉጨት ነው አለች። ሌላዋ ፌንጣ ነው አለች፤ በተለይ ጋደም ስትል። ሦስተኛዋ ፍሪጅ የተበላሸ እየመሰላት ሁለት ጊዜ ሠራተኛ አስጠርታ ነበር። ሰው ስለ ልጆቹ እንደሚያወራ ነበር የሚያወሩት። ወደ ኻላ ዞርኩና አፌን አጉልቼ ጠየቅኳት።

"የእኔ ድሮ ነበር" አለች። "አሁን ተወኝ።"

ያን ጊዜ እፎይ ያልኩት፣ የእኔም አንድ ቀን ይተወኛል ብዬ ነው።

ድምፅ ማጉያዎቹን የሚያቆመው አንድ ህንዳዊ ቴክኒሻን ነበር። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ከሰዓት መጥቶ ሽቦውን ይዘረጋል፣ ይሞክራል፣ ከዚያ ወንድ ስለሆነ ይወጣል። ሠርጉ ሲጀመር መቆጣጠሪያው ላይ የምትቀመጠው ከእኛው አንዷ ናት። አንድ ቀን ቀድመን ደርሰን በአባያችን እንደተሸፋፈንን አዳራሹ ውስጥ ስንጠብቅ፣ በአንገቱ ላይ በክር የተንጠለጠሉ ሁለት ብርቱካንማ ነገሮች አየሁ። ዘፈን ሊከፍት ሲል አነሳቸውና ጆሮዎቹ ውስጥ ከተታቸው።

ሲጨርስ ጠጋ ብዬ "ይህ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ለጆሮ" አለኝ በተሰባበረ አረብኛ።

"ያምሃል?"

"አያመኝም። እንዳያመኝ ነው።" ከዚያ ወደ ወንበሮቻችን አየ። ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ሥር ወዳለው ዳር ወንበር በአገጩ አመለከተ። "እዚያ ማን ነው የሚቀመጠው?"

"ኻላ" አልኩት። የኻላ ወንበር ሁልጊዜ እሱ ነበር፤ ምቱን የምትመራው እሷ ስለሆነች።

"እኔ ሞክሬ እወጣለሁ" አለ። "እሷ ትቀመጣለች።" የተረፈውን ሽቦ መጠቅለል ቀጠለ።

ዘፈኑን አንዴ እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ከፈተልኝ፤ እኔም ባዶ አዳራሹ ውስጥ መዞር ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። ሙሽራዋ የምትቀመጥበት ሶፋ ላይ ድምፁ ለስላሳ ነው። ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ምቱ ብቻ ይሰማል፣ ቃሉ የለም። በሩ አጠገብ ዘፋኟ ጎረቤት ቤት ያለች ትመስላለች። ከዚያ የኻላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የማጉያው አፍ ከጭንቅላቴ እኩል ነበር። የተነሳሁበትን አላስታውስም፤ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ያው ዘፈን፣ ያው አዳራሽ፤ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ከዚያ በኋላ ባለው ልምምድ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ኻላ ከበሮዋን ምንጣፉ ላይ አስተኝታ፣ ማድረቂያውን ቆዳው ላይ አስደግፋው ነበር። እሷ ፊቷን አዙራ ብርቱካን ትልጣለች። እኛ ወሬ ይዘናል። መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ቆዳው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ሴቶቹ ሁሉ ከመቀመጫችን ዘለልን፣ አንዷ ሻይዋን ደፋች። ኻላ ብርቱካኗን መላጧን ቀጠለች። ልጣጩ ሳይቆረጥ እየተጠቀለለ ይወርድ ነበር። ማድረቂያው ከጀርባዋ አሁንም ይጮኻል።

ሴቶቹ አርጅታ ረሳችው ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ተነስቼ ማድረቂያውን ነቀልኩና ትከሻዋን ነካኋት። ዞራ የተሰነጠቀውን ከበሮ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እንዳወቅኩ አወቀች።

በማግስቱ ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። መንፉሐ ከላይ ስትታይ የውሃ ታንከርና የዲሽ ጫካ ናት። ከኋላዋ ቆሜ "ኻላ" አልኳት። ደግሜ ጠራኋት። የዞረችው ጥላዬ አንሶላው ላይ ሲያርፍ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። "ምኑን አውቄ። ይኸ ታንከር ሲጎድል ታያለሽ? ቧንቧው ሲደርቅ ነው የምታውቂው።"

"ታዲያ እንዴት ነው የምትመቺው?"

"የዘፋኟን ትከሻ አያለሁ። ከመዝፈኗ በፊት ትከሻዋ ይነሳል። ጫማየን አወልቅና ደግሞ ወለሉን በእግሬ እሰማዋለሁ።" መድረኩ ላይ ሁልጊዜ ባዶ እግሯን የምትሆነው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። "ለማንም እንዳትናገሪ፣ ሆዴ። ከፊሌ፣ ኢቃማዬን በስሟ የያዘችው፣ እሷ ናት። የማይሰማ ከበሮ መቺ ምን ያረግላታል? ኹሩጅ ብትመታብኝ ምን እላለሁ?"

ኹሩጅ ከአገር መውጫ ወረቀት ነው። መንፉሐ ውስጥ ያንን ቃል ሰው ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ኻላ ግን ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ስለማትችል ሰገነቱ ሁሉ ሰማው።

አልናገርም ብዬ ቃል ገባሁላት። ግን አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ለሁለታችንም መላ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥጥ ሞከርን። ሠርግ ላይ ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ ጠቅጥቄ ስመታ የዘፋኟ ቃል ጠፋ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ ጠፋ፤ የቀረው የከበሮው ጉልበት ብቻ ነው። የራሴን ምት ስላልሰማሁት አጥብቄ መታሁ፤ ስንጨርስ መዳፌ አብጦ ነበር። ከዚያ የቴክኒሻኑን ዓይነት ስፖንጅ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ሞከርኩ። እሱም ለመዶሻ ሥራ እንጂ ለዘፈን አይመችም። የራሴን ትንፋሽና ምራቅ ስውጥ ያለውን ድምፅ እየሰማሁ፣ ዘፋኟን ግን እንደ ኻላ በትከሻዋ መከተል ጀመርኩ። ያኔ ፈራሁ።

ኻላን ለምኜ መንሱራ ወዳለች ትንሽ የጆሮ ክሊኒክ ወሰድኳት። የምትመረምረው ቀጠን ያለች ሱዳናዊት ሐኪም ነበረች። ኻላን የመስታወት መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ ማዳመጫ አደረገችላት፤ እጇ ላይ ቁልፍ አስያዘቻት። ጢጥ የሚል ድምፅ በሰማች ቁጥር እንድትጫን ነገረቻት። እኔ ከውጭ ከሐኪሟ ጎን ተቀምጬ ኻላን በመስታወቱ አያታለሁ። መጀመሪያ አልተጫነችም። ከዚያ መጫን ጀመረች። ተጫነች፣ ቆየች፣ ተጫነች፣ ተጫነች፣ ቆየች። ፊቷ ላይ ሠርግ ቤት የማውቀው ጥንቃቄ ነበር። እየሰማች ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሐኪሟ ቀስ ብላ እጇን ከመሣሪያው አነሳች። ምንም ድምፅ እየላከች አልነበረም። ኻላ ግን አሁንም ጊዜዋን ጠብቃ ሳትዛነፍ ትጫናለች። የሐኪሟ ትከሻ ሲንቀሳቀስ አይታ ምቱን ይዛው ነበር።

"ሥራዋ ምንድን ነው?" አለችኝ ሐኪሟ።

"ከበሮ መቺ ናት።"

ሐኪሟ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረችና እንደገና ጀመረች። በዚህኛው ጊዜ ኻላ ቁልፉን ይዛ ለረጅም ጊዜ ሳትጫን ተቀመጠች። ዓይኖቿ ከሐኪሟ ጀርባ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሐኪሟ ጀርባ ይመላለሱ ነበር። ያቺን ፊቷን አልረሳትም።

ስትወጣ ሐኪሟ ሁለታችንንም አስቀምጣ ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ አሳየችን። የጆሮ ውስጠኛው ክፍል እንደዚህ ምንጣፍ ቀጫጭን ፀጉር አለው አለች። ወንበር ለአንድ ቀን ብታስቀምጪበት ይተኛል፣ ስታነሺው መልሶ ይነሳል። ዓመት ሙሉ ከተቀመጠበት ግን ተኝቶ ይቀራል። ወንበሯን ትንሽ ገፋ አድርጋ እግሩ ያረፈበትን ጉድጓድ አሳየችን። ኻላ ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን በጣቷ ነካካችው፤ ፀጉሩን ልታስነሳው እየሞከረች።

ከዚያ እኔን አስገባችኝ። ለጨዋታ ያህል መስሎኝ ነበር የገባሁት። ስወጣ ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች፣ "ያንቺ ጅምር ነው። ቀጫጭኑን ድምፅ ማጣት ጀምረሻል" አለችኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነገሩ የኻላ ነገር ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ሰማሁ፤ ከእሱ በላይ የማልሰማው ምን እንዳለ ማሰብ ጀመርኩ።

ሐኪሟ ለሙዚቃ ሰዎች የሚሠራ የጆሮ መሸፈኛ እንዳለ ነገረችኝ። በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ልክ ነው የሚሠራው። ጥጥ ቀጭኑን ድምፅ ገድሎ ወፍራሙን ይተወዋል፤ ይህ ግን ሁሉንም እኩል ዝቅ ያደርጋል። እንደዚያም ሆኖ ከማጉያው ሥር መቀመጥ መቅረት አለበት፤ በየመሃሉ ወጥቶ ጆሮን ማሳረፍም ያስፈልጋል አለች። ለኻላ ደግሞ የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልጋታል፤ የቀረው እንዳይጠፋ ግን ከከበሮ መሃል መውጣት አለባት። ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ኻላ አፏን አላየችም። ሆን ብላ ነው ያላየችው።

ድምፅ ማጉያውን ለማዛወር ዘፋኟን ማሳመን ነበረብኝ፤ ስለ ኻላ ሳልናገር። መጀመሪያ ስጠይቃት፣ "እንግዳው ደረቱ ላይ ካልተሰማው ሠርግ አይመስለውም" ብላ አሰናበተችኝ። ወፍራም፣ ድምፅዋ ሻካራ፣ የወርቅ አምባሮቿ እስከ ክንዷ የሚደርሱ ሴት ናት። እኛ ስንፈራት ነው የኖርነው።

በሚቀጥለው ሠርግ ቴክኒሻኑ ገና ሲሞክር ቀድማ መጣች። ምን እንዳደፋፈረኝ አላውቅም። "አንድ ዘፈን ብቻ የኻላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ስሚ" አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ወንድ ስላለ ፊቷን ሸፍና ነበር፤ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው። ሄዳ ተቀመጠች። ለቴክኒሻኑ ሠርግ ላይ እንደሚሆነው አድርጎ እንዲከፍተው በእጄ ነገርኩት።

አምባሮቿ እርስ በርስ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። ዘፈኑ ሳያልቅ ተነሳች። እኔ ዘንድ መጣች።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ሠርጉ ሲሞቅ ከዚህም ይብሳል።"

"ኻላን ያደነቆራት ይኼ ነው?"

ደንግጬ በሩን አየሁ፣ ኻላ እየመጣች እንደሆነ።

"ምን ያስደነግጥሻል?" አለች። "ስንት ዓመት አብሬያት ሠራሁ። ድሮ የምዘፍነው ፊቴን ለእንግዶቹ ሰጥቼ ነበር። አንድ ቀን ፊቴን ሳዞር ምቱ ጠፋባት። ከዚያ ወዲህ ወደ እሷ ዞሬ ነው የምዘፍነው። የሙሽሮቹ እናቶች ኩራተኛ ናት ይሉኛል።"

"ለምን አልነገርሻትም?"

"እሷስ ለምን አልነገረችኝም?" ወደ ወንበሩ ዞር ብላ አየች። "እርጅና መስሎኝ ነበር። ወንበሩ መሆኑን አላወቅኩም።"

ከዚያ በኋላ የሆነው በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። ማጉያዎቹ ከእኛ አልፈው ወደ ፊት ሄዱ፣ አፋቸው ወደ እንግዶቹ ዞረ። ዳር ወንበሩ ላይ መቀመጥ በየተራ ሆነ። በየመሃሉ የተቀዳ ዘፈን ሲከፈት ወጥተን ኮሪደር ላይ በዝምታ እንቀመጥ ነበር፤ ያን ዝምታ መውደድ ጀመርን። አንዲት የሙሽራ እናት ድምፁ አነሰ ብላ ስታማርር፣ ዘፋኟ "ቀረብ በይ፣ ወንበር አለ" አለቻት።

ሐኪሟ ቀዝቃዛ ሊጥ የመሰለ ነገር ጆሯችን ውስጥ ሞልታ ልኩን ወሰደች። በእሱ የተሠራውን መሸፈኛ አድርጌ መጀመሪያ የመታሁበት ቀን ግርም አለኝ። ዘፈኑ ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። ቃላቱ አንድ በአንድ ይሰሙኝ ጀመር፤ ከዚያም ወራት ሙሉ ስቀበለው የኖርኩትን አዝማች በስህተት ስቀበለው እንደኖርኩ አወቅኩ። ማንም አልሰማኝም ነበር። ማን ይስማኝ?

ለኻላ የመስሚያ መሣሪያውን የገዛችላት ዘፋኟ ናት። ሐኪሟ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትከፍተው አብሬያት ነበርኩ። መጀመሪያ የሰማችው ሐኪሟ ወረቀት ስትገለብጥ ያለውን ድምፅ ነው፤ ደንግጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን ወለሉ ላይ ጎተት አደረገች፣ ደግማ ጎተተች። "እግሬ እንዲህ ይጮኻል?" አለች።

"ኻላ፣ ይሰማሻል?" አልኳት።

አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ሳይሆን ዓይኔን።

"ድምፅሽ ቀጭን ነው" አለች፤ ከጎረቤትነታችን ጀምሮ ሰምቻት በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ። "እኔኮ ወፍራም አድርጌ ነበር የማስበው።"

ከዚያ ቀን ወዲያ በሠርግ ላይ አልመታችም። ማንም አላስወጣትም፤ ራሷ ናት ከበሮዋን የሰጠችኝ። ለተወሰነ ጊዜ ልምምድ ላይ እየመጣች በሩ ጥግ ትቀመጥ ነበር፣ መሣሪያውን ዝቅ አድርጋ። አንድ ቀን እየመታሁ ቀና ብል ዓይኖቿን ጨፍናለች። ከበሮ እየተመታ ኻላ ዓይኗን ስትጨፍን አይቼ አላውቅም ነበር። ተኝታ መስሎኝ ነበር፤ ጣቷ ግን ጉልበቷ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር።

ኹሩጁን የጠየቀችው ራሷ ናት። "ኸላስ፣ በቃኝ" አለችኝ ሰገነት ላይ። "የቀረችኝን ጆሮ ይዠ አገሬ ልግባ። ወንድሞቼ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላቸው ረስቻለሁ።" ዘፋኟ እየደጋገመች እንድትቆይ ለመነቻት፤ በመጨረሻ ግን ወረቀቱን ጨርሳ ራሷ ኤርፖርት ድረስ ሸኘቻት። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። መኪናው ውስጥ ኻላ በመስኮቱ የሚገባውን የትራፊክ ድምፅ ታዳምጥ ነበር።

እኔ ከበሮውን ትዳር እስክይዝ ድረስ መታሁ። አሁን መስፋት ነው ሥራዬ። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ትንሽ ጭውታ አለ፤ ቤቱ ፀጥ ሲል ትሰማኛለች። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ልጄ ከሌላ ክፍል ስታንሾካሹክ እሰማታለሁ፤ ይህ በጣም ያናድዳታል።

ኻላ ከሄደች በኋላ መጀመሪያ አካባቢ በስልክ እናወራ ነበር። ቆይቶ ስትመልስ ከጥያቄዬ ጋር የማይገናኝ ነገር መመለስ ጀመረች፤ ቀጥሎ መልእክት የምትልክልኝ የወንድሟ ልጅ ሆነች። የመስሚያ መሣሪያዋ ውስጥ የሚገቡት ባትሪዎች አልቀው ነው። እዚያ አካባቢ ፈልገው አላገኙም። እናቴ ዘመድ ልትጠይቅ ወደ ወሎ ስትሄድ፣ ቦርሳዬን ባትሪ ሞልቼ አብሬያት ሄድኩ።

ቤቷ ከኮምቦልቻ ወጣ ያለች መንደር ውስጥ ናት። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። የመጣሁት እኔ መሆኔን በእጅ ምልክት የነገረቻት የወንድሟ ልጅ ናት። ተነስታ አቀፈችኝ፤ አርጅታለች፣ ትከሻዋ በእጄ ውስጥ ትንሽ ሆነብኝ። ከጎኗ አስቀመጠችኝ። እኔ ቶሎ ብዬ ባትሪዎቹን አውጥቼ አሳየኋት። የወንድሟ ልጅ መሣሪያውን ከውስጥ ይዛ መጣች፤ በንፁህ መሐረብ ጠቅልላው ኖሯል።

ኻላ ባትሪዎቹን ተቀበለችና እሽጉን ሳትከፍት ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። እንደ ድሮው አፌን አይደለም፤ ሁሉንም ነው ያየችው፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ በፀጉሬ መሃል የወጣውን ሽበት።

"ነገ እሰማሻለሁ" አለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብላ። "ዛሬ ልይሽ።"

ልነግራት ያጠራቀምኩት ብዙ ነበር። ሁሉንም ለነገ ትቼ፣ ፀሐይዋ እስክትገባ ድረስ ፊቴን ሳላዞር ተቀመጥኩላት።